ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ ሲዛወሩ፦ የመኪናው ታክስ፣ ታርጋና ኢንሹራንስ

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለቅቀው አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ መኖር ከጀመሩ ሦስት ወር አልፏቸዋል። የ2022 ሞዴል ቶዮታ ካምሪ ሃይብሪድ አላቸው። መኪናውን ከስምንት ወር በፊት ሜሪላንድ ውስጥ በባንክ ብድር በ25,000 ዶላር የገዙት ሲሆን፣ ቅዳሜና እሁድ ኡበር ይሠሩበታል። «አንዳንዶች ቨርጂኒያ የግዢውን ታክስ እንደገና ያስከፍልሃል ይሉኛል። ሌሎች ደግሞ የሜሪላንድ ታርጋህ እስኪያበቃ ድረስ አትንካው አሉኝ። ወንድሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሚኖር መኪናውን በእሱ አድራሻ አቆይቼ የቨርጂኒያን ዓመታዊ የመኪና ግብር ብተርፍስ? ኢንሹራንሴንም ርካሽ ስላገኘሁ ልቀይር ነው። ከየት ልጀምር?»

የጊዜ ገደቡ አልፎብዎታል። ቨርጂኒያ አዲስ ነዋሪ መኪናውን በ30 ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ ትጠይቃለች፤ የሜሪላንድ ታርጋ ገና አላበቃም ማለት ይህን ገደብ አያራዝመውም። በታርጋው ላይ ያለው ቀን ሜሪላንድ ለራሷ ነዋሪ የሰጠችው ፈቃድ የሚያበቃበት ቀን ነው፤ እርስዎ ደግሞ የሜሪላንድ ነዋሪነትዎ ያበቃው አርሊንግተን ቤት ተከራይተው መኖር በጀመሩበት ዕለት ነው። ስለዚህ «እስኪያበቃ አትንካው» ያሉዎት ሰዎች ተሳስተዋል። ሁለት ጊዜ ታክስ ትከፍላለህ ያሉዎትም እንዲሁ። የወንድምዎ አድራሻ ግን ከሁሉም የከፋ ምክር ስለሆነ ለብቻው እመለስበታለሁ።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ሁለት የተለያዩ ክፍያዎች «የመኪና ታክስ» በሚል አንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። አንደኛው መኪና ሲገዛ ወይም በአዲስ ግዛት ታይትል (የባለቤትነት ሰነድ) ሲወጣለት አንድ ጊዜ ለግዛቱ የሚከፈል ነው። ሁለተኛው በየዓመቱ ለካውንቲው ወይም ለከተማው የሚከፈል የንብረት ግብር ነው። ሜሪላንድ የመጀመሪያውን በከፍተኛ መጠን ትሰበስባለች፤ የግል መኪናን በተመለከተ ግን ሁለተኛው የላትም። ቨርጂኒያ የመጀመሪያውን ዝቅ አድርጋ፣ ሁለተኛውን ለካውንቲዎቿና ለከተሞቿ ትታለች። ሜሪላንድ ለዓመታት የኖረ ሰው ወንዙን ተሻግሮ የመጀመሪያው የካውንቲ ደብዳቤ ሲደርሰው የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

የአንድ ጊዜውን ክፍያ በተመለከተ አይጨነቁ። የቨርጂኒያ የተሽከርካሪ ሽያጭ ታክስ 4.15 በመቶ ነው። በእርስዎ መኪና ዋጋ ሲሰላ 1,037 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይመጣል። ሜሪላንድ ግን እስከ 2025 አጋማሽ 6 በመቶ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ 6.5 በመቶ ታስከፍላለች። በየትኛውም ወቅት ቢገዙ ከቨርጂኒያው በላይ ከፍለዋል ማለት ነው። የቨርጂኒያ ሕግ በሌላ ግዛት በስምዎ ተመዝግቦ የመጣን መኪና ከ12 ወር በላይ በእጅዎ ከቆየ ከዚህ ታክስ ነፃ ያደርገዋል። ከ12 ወር በታች ከሆነ ግን ለሌላ ግዛት ታክስ መክፈልዎን በወረቀት ማሳየት አለብዎት። የእርስዎ ስምንት ወር ነውና ሁለተኛው ይመለከትዎታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በሕጉ ሳይሆን በወረቀት ጉድለት ነው። የመመዝገቢያ ካርዱን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ካርዱ ላይ ደግሞ ምን ያህል ታክስ እንደተከፈለ አይታይም። ማስረጃው ያለው መኪናውን የገዙበት ነጋዴ በሰጠዎት የሽያጭ ሰነድ ላይ ነው። ዋጋው፣ የታይትል ክፍያው፣ የታርጋው ክፍያ እየተዘረዘረ ይወርድና ከነዚህ መካከል የሜሪላንድ ኤክሳይዝ ታክስ (ያ የአንድ ጊዜው ክፍያ) ተብሎ የተጻፈ መስመር ከነመጠኑ ይገኛል። ያንን ገጽ ይፈልጉት። ከጠፋብዎት ነጋዴው ቅጂ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ማስረጃ ማቅረብ ካልቻሉ ቨርጂኒያ በምዝገባው ዕለት መኪናው በሚያወጣው የገበያ ዋጋ ላይ 4.15 በመቶ ታስከፍልዎታለች። ለአንድ ገጽ ሲባል ወደ አንድ ሺህ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ማውጣት ያሳዝናል።

ወደ ዓመታዊው ግብር እንምጣ፤ እውነተኛው ጭንቀትዎ እዚህ ነውና። የአርሊንግተን ካውንቲ መደበኛ ምጣኔ በየ100 ዶላር ዋጋ 5 ዶላር ነው። የመኪናውን ዋጋ የሚገምተው ካውንቲው ነው፤ የገዙበት ዋጋ መነሻ አይሆንም። ግምቱ ለምሳሌ 22,000 ዶላር ቢሆን፣ ቅናሽ ከመደረጉ በፊት የዓመቱ ግብር 1,100 ዶላር ይሆናል። አርሊንግተን በወር አካፍሎ ስለሚያስከፍል፣ በሴፕቴምበር መጀመሪያ የገባ ሰው ለዚያ ዓመት የሚጠየቀው የአራት ወሩን ብቻ ነው፤ በዚህ ምሳሌ 367 ዶላር ገደማ። ቨርጂኒያን ለቅቀው ሲወጡ ወይም መኪናውን ሲሸጡም ካውንቲውን ካሳወቁ የቀሪዎቹ ወራት ግብር ይቀነስልዎታል። ካላሳወቁ ግን ሂሳቡ መምጣቱን ይቀጥላል።

ቅናሽ ያልኩት በ1998 በወጣ የግዛቱ ሕግ መሠረት ለግል መገልገያ መኪናዎች የሚደረገው ነው። የሚመለከተው ከመኪናው ዋጋ የመጀመሪያዎቹን 20,000 ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሙሉ ግብሩን ይከፍላል። የቅናሹ መቶኛ ግዛቱ ለአካባቢዎቹ በሚሰጠው ገንዘብ ስለሚወሰን ከካውንቲ ካውንቲ፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል። ጎረቤትዎ በአሌክሳንድሪያ ወይም በፌርፋክስ ያገኘውን ቅናሽ ይዘው የራስዎን ሂሳብ አይገምቱ።

የኡበሩ ነገር የሚነሳውም በዚህ ቅናሽ ላይ ነው። ሕጉ ቅናሹን የሚሰጠው ለግል አገልግሎት ለሚውል መኪና ነው። በዓመቱ ከተነዳው ማይል ከግማሽ በላዩ በፌዴራል የገቢ ግብር ማስታወቂያዎ ላይ ለሥራ የዋለ ተብሎ ወጪ ከተያዘበት፣ መኪናው ለቅናሹ አይበቃም። ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። በሥራ ቀናት በሜትሮ የሚጓዝና ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ቀን የሚነዳ ሰው ሳያስበው ከግማሽ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የማይል መዝገብ ይያዙ፤ ለገቢ ግብር ያስመዘገቡትና ለካውንቲው የሚሰጡት መልስ አንድ ዓይነት ይሁን። ለፌዴራሉ «አብዛኛው ለሥራ ነው» ብሎ ወጪ መቀነስ፣ ለካውንቲው ደግሞ «የግል ነው» ብሎ ቅናሽ መውሰድ ሁለት ተቃራኒ ቃል በራስ ፊርማ ማስቀመጥ ነው። ሙሉ ጊዜያቸውን በታክሲና በኡበር ለሚተዳደሩ ወገኖቼም ይህ አንቀጽ በቀጥታ ይመለከታቸዋል።

አሁን የወንድምዎ አድራሻ። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ወንጀል አናየውም፤ ወንድም ቤት ደብዳቤ መቀበል የተለመደ ነገር ነውና። ነገር ግን ግብሩን የሚወስነው ታርጋው አይደለም፤ መኪናው ዘወትር የሚያድርበት ቦታ ነው። መኪናው አርሊንግተን ካደረ፣ የሜሪላንድ ታርጋ ቢኖረውም የአርሊንግተን ግብር አለበት። ታርጋውን ማቆየት ግብሩን አያስቀርም፤ ውዝፍና ቅጣት ተጨምሮበት እንዲመጣ ያደርጋል እንጂ። የሌላ ግዛት ታርጋ ይዘው ለወራት በአፓርታማ ግቢ የሚቆሙ መኪናዎች ለካውንቲው ይጠቆማሉ። ጎረቤት የሆነው ፌርፋክስ ካውንቲ የቨርጂኒያ ታርጋ ማውጣት ሲገባቸው ያላወጡ ነዋሪዎችን ከንብረት ግብሩ በተጨማሪ 100 ዶላር ታክስና 250 ዶላር ቅጣት ያስከፍላል።

ይህም ሁሉ ሆኖ የሚያስፈራኝ ቅጣቱ አይደለም፤ ኢንሹራንሱ ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያ ዋጋ የሚያወጣው መኪናው በሚያድርበት አድራሻ ተመሥርቶ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያድራል ብለው ፈርመው አርሊንግተን ሲያድር ከኖረ፣ አደጋ በደረሰ ማግስት መርማሪው የኪራይ ውልዎን፣ የደመወዝ ወረቀትዎንና የኤሌክትሪክ ሂሳብዎን ይጠይቃል። ኩባንያው በተሳሳተ መረጃ ውል ገብተሃል ብሎ ካሳውን ሊከለክል ወይም ውሉን ሊሰርዝ ይችላል። የሰው አካል የተጎዳበት አደጋ ከሆነ ዕዳው በእርስዎ ላይ ይወድቃል፤ የባንክ ብድሩም አይቆምም። በዓመት ጥቂት መቶ ዶላር ለማትረፍ ቤተሰብን እዚህ አደጋ ውስጥ ማስገባት አይገባም። ይህን ምክር ለማንም አልሰጥም፤ ለእርስዎም አልሰጥም።

ኢንሹራንስ መቀየርዎ ትክክል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። ሜሪላንድ በስሟ የወጣ ታርጋ በእጅዎ እስካለ ድረስ መኪናው ያለማቋረጥ የሜሪላንድ ኢንሹራንስ እንዲኖረው ትጠይቃለች። ኩባንያው ውሉ መቋረጡን ለሜሪላንድ የተሽከርካሪ አስተዳደር፣ ኤምቪኤ ለምንለው መሥሪያ ቤት፣ በቀጥታ ያሳውቃል። ታርጋው ካልተመለሰ ለመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት አንድ ቅጣት ይጣላል፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየተደመረ ይሄዳል። መኪናዎ በዚያ ጊዜ የቨርጂኒያ ኢንሹራንስ ነበረው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ነገር ግን ደብዳቤው የሚሄደው ለቀድሞው አድራሻዎ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚሰማው ከወራት በኋላ፣ ዕዳው ወደ ሰብሳቢ ድርጅት ከተላለፈ በኋላ ነው።

ስለዚህ የቨርጂኒያው ኢንሹራንስ መኪናውን ቨርጂኒያ በሚያስመዘግቡበት ዕለት ወይም ከዚያ በፊት ይጀምር፤ የሜሪላንዱ ሳይቋረጥ ይቆይ። የቨርጂኒያ ታርጋ እንደያዙ ሁለቱንም የሜሪላንድ ታርጋዎች ፈትተው ለኤምቪኤ ቅርንጫፍ ያስረክቡና ደረሰኝ ይቀበሉ። በፖስታ ከላኩ መድረሱ የሚረጋገጥበትን አገልግሎት ይጠቀሙ። የሜሪላንዱን ውል የሚሰርዙት ደረሰኙ በእጅዎ ከገባ በኋላ ነው። ሁለቱ ውሎች ለጥቂት ቀናት ቢደራረቡ ወጪው ትንሽ ነው። ደረሰኙን አይጣሉት፤ ከዓመታት በኋላም ሊጠየቅ ይችላል። ኩባንያ ሳይቀይሩ አድራሻ ብቻ የሚያዛውሩ ሰዎችም ይህንኑ ሥርዓት ይከተሉ፤ የሜሪላንዱ ውል ተዘግቶ የቨርጂኒያው ሲከፈት ኤምቪኤ የሚያየው መዘጋቱን ነው።

የቨርጂኒያ ኢንሹራንስ ሲገዙ ርካሹን ከመምረጥዎ በፊት ሁለት ነገር ይመልከቱ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የግዛቱ ዝቅተኛ የኃላፊነት ሽፋን ለአንድ ሰው የአካል ጉዳት 50,000፣ በአንድ አደጋ 100,000፣ ለንብረት ጉዳት 25,000 ዶላር ሆኗል። ቀድሞ 500 ዶላር ለግዛቱ ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር፤ ያ አሠራር በ2024 ቀርቷል። ሁለተኛ፣ ኡበር እንደሚሠሩበት ለኩባንያው ይንገሩ። ተራ የግል ውል አፕሊኬሽኑን ከፍተው ጥሪ በሚጠባበቁበት ጊዜ ለሚደርስ አደጋ ብዙውን ጊዜ አይከፍልም፤ ለዚህ የሚሆን ተጨማሪ ሽፋን ያላቸው ኩባንያዎች አሉ። ርካሽ ያገኙት ውል ይህን ስለማያካትት ሊሆን ይችላልና ያረጋግጡ።

መኪናው በብድር ላይ መሆኑ ምዝገባውን አያግደውም፤ ግን ያዘገየዋል። ለአበዳሪው ባንክ ዛሬውኑ ይደውሉ። አድራሻዎን ይለውጡ፤ አብዛኛው የብድር ውል መኪናው ወደ ሌላ ግዛት ሲዛወር እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ከዚያ ታይትሉ በማን እጅ እንዳለ፣ በወረቀት ይሁን በኤሌክትሮኒክ መዝገብ፣ የቨርጂኒያ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት፣ ዲኤምቪ የሚባለው፣ እንዴት እንደሚያገኘው ይጠይቁ። በአዲሱ የቨርጂኒያ ታይትል ላይ የባንኩ ስም በትክክል መጻፉን ሳያዩ ከመስኮቱ አይነሱ፤ በኋላ ማስተካከል አድካሚ ነው። የታይትሉ ክፍያ 15 ዶላር ነው። የመመዝገቢያው ክፍያ በመኪናው ክብደት ይወሰናል። የእርስዎ ካምሪ ሃይብሪድ በመሆኑ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ በጋሎን 25 ማይልና ከዚያ በላይ በሚሄዱ መኪናዎች ላይ የተጣለው የመንገድ አጠቃቀም ክፍያ ይጨመርበታል። ትንሽ ቤንዚን የሚጠጣ መኪና በነዳጅ ታክስ የማይከፍለውን ለማካካስ ታስቦ የተጣለ ነው፤ ስህተት ተፈጽሞብኛል ብለው እንዳይከራከሩ።

አርሊንግተን የጭስ ምርመራ ከሚጠየቅባቸው የሰሜን ቨርጂኒያ አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ምርመራው በየሁለት ዓመቱ ነው። ከዲኤምቪ በፊት እሱን ይጨርሱ። ከዚያ ሌላ በየዓመቱ የሚደረግ የቴክኒክ ምርመራ አለ፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ መብራት፣ መሪ ይታያል፣ ካለፈ በፊት መስታወቱ ላይ ምልክት ይለጠፋል። ሜሪላንድ የቴክኒክ ምርመራ የምትጠይቀው በዋነኛነት መኪናው ሲሸጥ ወይም አዲስ ታይትል ሲወጣለት ስለሆነ፣ ከዚያ የሚመጡ ሰዎች በየዓመቱ መሆኑን ይረሱታል። ያለፈበት ምልክት በፖሊስ ያስቀጣል።

ዲኤምቪ መመዝገብ ካውንቲው ዘንድ መመዝገብ አይደለም። ዲኤምቪ መረጃውን ለካውንቲው ቢያስተላልፍም የማሳወቅ ኃላፊነቱ የባለቤቱ ነው። አርሊንግተን ውስጥ መኪናውን የሚገምተው የኮሚሽነር ኦፍ ሬቨኑ ቢሮ ነው፤ ገንዘቡን የሚሰበስበው የትሬዠረር ቢሮ ነው። ከዲኤምቪ በወጡበት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያው ያሳውቁ፤ የገቡበትን እውነተኛ ቀን ይንገሩ። ሦስት ወር ዘግይተው ራስዎ የቀረቡ ሰው ጉዳይና በጥቆማ የተደረሰበት ሰው ጉዳይ እኩል አይታይም። የዓመቱ ግብር መክፈያ ቀን ኦክቶበር 5 ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሚመዘገቡ ለብቻው የክፍያ ቀን ያለበት ሂሳብ ይላካል። ያልተከፈለ የካውንቲ ግብር ዲኤምቪ ታርጋዎን እንዳያድስ ሊያሳግድ ይችላል።

መንጃ ፈቃድዎን የመቀየሪያው ገደብ 60 ቀን ስለነበር እሱም አልፏል፤ በአንድ ቀጠሮ አብረው ይጨርሱት። የመንገድ ክፍያ በሚከፍሉበት የኢዚ ፓስ ሂሳብዎ ላይ አዲሱን የታርጋ ቁጥር ያስገቡ። ሜሪላንድ ውስጥ የቀረ የካሜራ ቅጣት ወይም የመንገድ ክፍያ ካለ ታርጋውን ከመመለስዎ በፊት ይክፈሉት፤ ታርጋው ቢመለስም ዕዳው በስምዎ ይቀራል።

ይህን መልስ እያነበቡ በተቃራኒው አቅጣጫ ለሚዛወሩ፣ ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ ለሚሄዱ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚያ መዘግየት ይበልጥ ይጎዳልና። ሜሪላንድ 60 ቀን ትሰጣለች። በዚያ ውስጥ ከቀረቡ ለቨርጂኒያ የከፈሉት 4.15 በመቶ ታስቦላቸው ልዩነቱን ብቻ፣ በአሁኑ ምጣኔ 2.35 በመቶ፣ ይከፍላሉ። 60ው ቀን ካለፈ ግን ያ ማካካሻ ይቀርና ሙሉው ይጠየቃል። በሥራ ላይ ያሉ የአሜሪካ ጦር አባላት ደግሞ የተለየ የፌዴራል ጥበቃ አላቸው፤ በትእዛዝ የተመደቡበት ቦታ የቋሚ መኖሪያ ግዛታቸውን ስለማይለውጠው ከላይ ያልኩት በአብዛኛው አይመለከታቸውም።

ለእርስዎ የምሰጠው ምክር አንድ ነው፤ በዚህ ወር ውስጥ ወደ ቨርጂኒያ ይዛወሩ፣ የወንድምዎን አድራሻ ሐሳብ ይተዉት። ዛሬውኑ ለባንኩ ይደውሉና የሽያጭ ሰነዱን ያውጡ። በዚህ ሳምንት የጭስ ምርመራውን አድርገው፣ ኡበርን የሚሸፍነውን የቨርጂኒያ ኢንሹራንስ ገዝተው የዲኤምቪ ቀጠሮ ይያዙ። ታርጋው እንደተሰጠዎት ካውንቲውን ያሳውቁ፣ የሜሪላንዱን ታርጋ ይመልሱ፣ የሜሪላንዱን ኢንሹራንስ በመጨረሻ ይሰርዙ። እስከዚያ ድረስ መኪናውን በሜሪላንድ ታርጋ ሲነዱ ፖሊስ ቢያስቆምዎት የዲኤምቪ ቀጠሮዎን ማረጋገጫ በእጅዎ ይያዙ። ከቅጣት ነፃ አያደርግዎትም፤ ዳኛ ፊት ግን ጉዳዩን እያስተካከሉ እንደነበር ያሳያል።